ባለ ጥለቱ ጋቢ

ነጩ ላንድክሩዘር ከፍኖተ ሰላም ወጥቶ የቡሬን መንገድ ሲይዝ የጋሪ ፈረሶች ጆሯቸውን ቀስረው ወደ ዳር ተጠጉ፤ ባጃጆችም መንገድ ለቀቁ። በዚያ ዓመት፣ በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ጥር መጨረሻ፣ ከኋላ የሚመጣን መኪና ሁሉ ዞሮ ማየት፣ ማን እንደሆነም ሳይለዩ ከመንገድ መውጣት የአገሩ ሰው ልማድ ሆኖ ነበር። ከመኪናው አፍንጫ ላይ የቆመችው ትንሽ ባንዲራ በጥቁር ሽፋን ተሸፍናለች። የምትገለጠው ኬላ ሲደርሱ ብቻ ነው።

«ይች ባንዲራ እንደ ሙሽራ ናት» አለ ሹፌሩ ቂርቆስ። «ፊቷን የምታሳየው ለሚገባው ሰው ነው።»

ከጎኑ የተቀመጠችው ትሕትና ሳቀች። ከኋላ የነበረው የኤምባሲው ሁለተኛ ጸሐፊ፣ ሚስተር ኦረል፣ ምን እንደተባለ ጠየቃት። ስለ መንገዱ ነው አለችው። አምስት ዓመት በአስተርጓሚነት እንጀራ የበላ ሰው ሁሉም ነገር እንደማይተረጎም ያውቃል።

ትሕትና ገብረሰንበት የኤምባሲው የፖለቲካ ክፍል ረዳት ነበረች። ረዳት የሚለው ማዕረግ ሰፊ ጆንያ ነው፤ ብዙ ይይዛል። ደብዳቤ ትተረጉማለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች፣ ማን በስሙ ማን በማዕረጉ እንደሚጠራ፣ ማን ተነስቶ ማን ተቀምጦ ሰላምታ እንደሚቀበል ለፈረንጆቹ ታስረዳለች። ተወልዳ ያደገችው ከቡሬ ወዲያ፣ አማርኛም አዊኛም ከሚነገርባት የገበሬ መንደር ነው። ዛሬ የሚሄዱት ወደዚያችው መንደር ነበር። ሊያዩ የሚሄዱትም አባቷን ነው። በዚህ ኮርታለች፤ ኩራቷ ደግሞ ሌላ ነገር እንዳታይ ከልሏታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት ጫካ ያሉት ታጣቂዎች ስድስት የጤና ባለሙያዎችን ከነአምቡላንሳቸው ያዙ። ከተማ ያሉት ደግሞ ስንቅ አቀብላችኋል ብለው ዘጠኝ ገበሬዎች አሰሩ። አንዱ ሌላውን አላምን አለ፤ የታሰሩት ቤተሰብ ከቢሮ ቢሮ፣ ከተራራ ተራራ ሲንከራተት ከረመ። በመጨረሻ ሁለቱም ወገን በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፤ አያ ገብረሰንበት ላቀው ከመሐል ይቀመጡ። ለምን ቢባል የማንንም እንጀራ ያልበሉ፣ የማንንም ደጅ ያልጠኑ ሰው ናቸው። አሥራ አንድ ሽማግሌ ይዘው ሁለት ጊዜ ተቀምጠዋል። ሦስተኛውና የመጨረሻው ጉባኤ ነገ ነው፤ ከሁለቱም ወገን መልእክተኛ መጥቶ ስድስቱና ዘጠኙ የሚለቀቁበት ቀን ይቆረጣል።

ኤምባሲው ይህን ከማን እንደሰማ ትሕትና ለቤተሰቧ አልተናገረችም። የሰማው ከእሷ ነው።

መኪናው ጀርባ ላይ አሥራ ሁለት ጋቢ ተጭኗል። ኤምባሲው መጀመሪያ ያሰበው ኮፍያና ካናቴራ ነበር። «ለአገር ሽማግሌ ኮፍያ?» ብላ ፊቷን ያጨማደደችው ትሕትና ናት። ጋቢ ይሁን አለች። ሐሳቡ ተወደደላት፤ እንዲያውም ከአዲስ አበባ ሸማኔ ተፈልጎ የእያንዳንዱ ጋቢ ጫፍ በኤምባሲው ባንዲራ ቀለም፣ ብርቱካናማ፣ ነጭና ሐምራዊ ጥለት ገባበት። ጥለቱን ስታይ ቅር አላት። ነገር ግን ጋቢዎቹ ያምራሉ፤ ደግሞም በእሷ ምክር የተሠሩ ናቸው።

ሕጉን አላጣችውም። ሽማግሌ ጉዳይ ከያዘ ዕርቁ እስኪፈጸም ድረስ ከባለጉዳይ ውሃ እንኳ አይቀምስም። አባቷ ለሽምግልና ሲወጡ ውሃቸውን በፕላስቲክ ኮዳ፣ ቆሏቸውን በኪሳቸው ይዘው ነው የሚሄዱት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ኮዳውን የምትሞላው እሷ ነበረች። ግን እነዚህ ባለጉዳይ አይደሉም፤ እንግዳ ናቸው። ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ አድራ ይህን ለራሷ ፈርዳ ጨርሳለች። ለራስ መፍረድ መቼም ቀላል ነው፤ ይግባኝ የሚል የለም።

ማንኩሳን አልፈው ቡሬ መግቢያ ኬላው ጋ ቆሙ። በመንገዱ ግራና ቀኝ በርበሬ ተሰጥቶ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ የሚጠብቀው ሰው ግን የለም። ቂርቆስ ወርዶ የባንዲራዋን ሽፋን አወለቀ። አንድ ወታደር አይቶ ወደ ኋላ ሮጠ፤ ወዲያው ሻለቃው ራሱ መጣ። የደረት ኪሱ ላይ ሁለት ባንዲራ የተጣመረባት ትንሽ ምልክት ሰክቷል፤ አንደኛዋ የመኪናዋ ባንዲራ ናት።

«ስድስት ወር በእናንተ አገር ሠልጥኛለሁ» አለው ለሚስተር ኦረል በጥሩ እንግሊዝኛ። «ብርዱ እስካሁን ከአጥንቴ አልወጣም።»

ሚስተር ኦረል ተደስቶ መስኮቱን እስከ ታች ዝቅ አደረገ። ትምህርት ቤቱን ያውቀዋል፤ አስተማሪውንም ያውቀዋል። «አዲሶቹ ካሜራዎችስ ደረሷችሁ?» ሲል ጠየቀ።

«ደርሰዋል። አሁን ከሰማይ ሆነን በጉን ከፍየሉ እንለያለን።»

ተሳሳቁ። ገመዱ ወደ ታች ወርዶ መኪናው አለፈ። ሁለቱ በእንግሊዝኛ ስለተግባቡ ትሕትና የምትተረጉመው አልነበራትም። ስላልተረጎመችውም አላሰበችበትም።

መኪናው መንገዱ ካለቀበት ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። የጤፉ ቃርሚያ ደርቆ ከእግር በታች ይንኮሻኮሻል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከሩቅ፣ ከየት እንደሆነ የማይለይ፣ የተዘጋበት ንብ የሚመስል ድምፅ አለ። ጋቢዎቹን የተሸከሙት ሁለት የመንደሩ ጎልማሶች ቆም ብለው አንጋጠጡ፤ ከዚያ ምንም ሳይሉ ቀጠሉ።

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከዋንዛው ሥር፣ ድንጋይ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ትሕትና የአባቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓት።

«ደኅና ከረምሽ ልጀ? እናትሽ ደኅና ናት። ላሚቱም ወልዳለች።»

አያ ገብረሰንበት ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ጋቢያቸው ሁለት ቦታ ተጥፏል። በቀኛቸው የደብሩ ቄሰ ገበዝ ወልደ ገብርኤል፣ በግራቸው ደግሞ አፋቸው የማያርፈው አቶ መንበሩ ተቀምጠዋል። ዘንጋቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል፤ የውሃ ኮዳቸው ከእግራቸው ሥር ነው።

ሚስተር ኦረል በደንብ ተዘጋጅቶ ነበር። እጅ ነሣ፣ ስለ አገሩ ሰላም ወዳድነት ተናገረ፣ የሽማግሌዎችን ጥበብ አከበረ። ቀጥሎ ማስታወሻውን ገለጠና መጠየቅ ጀመረ። ከጫካ የሚመጣው መልእክተኛ ማን ነው? በየት በኩል ይመጣል? እዚያ ያለውን ሁሉ የሚወስነው ማን ነው?

ትሕትና እየተረጎመች ሳለ ድምፅዋ በራሷ ጆሮ ሻከረባት። አባቷ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

«በይ እንዲህ በይው» አሉ። «ይኸን የጠየቀን ሌላ ሰው ቢሆን ሰላይ ነው ብለን እናስረው ነበር። አንተ እንግዳችን ነህና አልሰማንህም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ትሕትና ለሚስተር ኦረል፣ ከዕርቁ በኋላ ቢጫወቱት ይመርጣሉ ብላ ተረጎመችለት። እሱም ይህንኑ ጻፈው።

ከዚያ ጋቢዎቹ ተከፈቱ። አቶ መንበሩ ጥለቱን በጣታቸው እየዳበሱ «እሰይ! የአገሩ ሰው የሠራው ይመስላል!» አሉ። ሚስተር ኦረል የላይኛውን አንሥቶ በሁለት እጁ ለአያ ገብረሰንበት ዘረጋ።

«እግዜር ይስጠው። ጉዳይ ይዘናል፤ ዕርቁ ሲያልቅ እንለብሳለን» አሉ እሳቸው።

ትሕትና ይህን ስትተረጉም የሚስተር ኦረል ፊት ሲጠወልግ አየች። ፎቶግራፍ ይነሣል ተብሎ ለአዲስ አበባ ተነግሯል፤ አምባሳደሩ ይጠብቃሉ። እጁ ተዘርግቶ እንደቆመ ቀረ። የተዘረጋ የእንግዳ እጅ ማየት ደግሞ ለዚያ አገር ሰው ከባድ ነው፤ ጎረቤት ያየው እንደሆነ ለሰባት ዓመት ይተርታል።

«አያ ገብረሰንበት፣ ኧረ የእንግዳ እጅ ይመለሳል?» አሉ አቶ መንበሩ። «ባለጉዳይ ቢሆን እሽ። ይኸ ሰው ባሕር ተሻግሮ የመጣ የእግዜር እንግዳ ነው።»

ቄሰ ገበዙ መሬት መሬት ያያሉ። አያ ገብረሰንበት ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ልጀ፣ አንች ታውቂዋለሽ። ይኸ ሰውየ ከኛ ጉዳይ ምን አለው?»

«ምንም የለው አባየ። እንግዳ ነው።»

ይህን ስትል አልዋሸችም። ያመነችውን ነው የተናገረችው፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ጋቢውን ከሚስተር ኦረል እጅ ተቀበለችና አባቷ ፊት ተንበረከከች።

«እኔ ላልብስዎ አባየ። ከኔ ነው ይበሉት።»

አያ ገብረሰንበት ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት። ከዚያ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉላት። አለበሰቻቸው፤ ብርቱካናማና ሐምራዊው ጥለት ደረታቸው ላይ ወረደ። ሁለተኛውን ለቄሰ ገበዙ ልታነሣ ስትል ግን አባቷ እጃቸውን በእጇ ላይ ጣሉ።

«የቀረው ይቆይ። አንድ ሰው ይበቃል።»

ሚስተር ኦረል አጠገባቸው ቆሞ እጃቸውን ጨበጠ፤ አብሯቸው የመጣው ቂርቆስ በተሰጠው ስልክ ሦስት ጊዜ አነሣቸው። አሥራ አንዱ ጋቢ ታጥፎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ገባ።

ሲመለሱ ማንኩሳ ደረሱ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና» አለ ቂርቆስ፣ ተረቱንም ሳይጨርስ ተወው።

«ምን ማለትህ ነው?»

«እኔ ሹፌር ነኝ። የማየው መንገድ ነው።»

አመሻሹ ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ሆቴሉ ገብታ እግሯን ሳትታጠብ፣ ከአዲስ አበባ አንድ አጭር መልእክት ደረሳት። ከፎቶው ሥር የሚጻፈውን አማርኛ እንድታርም ነው። የአባቷን ስም «አቶ ገብሬ» ብለውታል። ተናደደች። አጠፋችና «የዕርቁ መሪ፣ የተከበሩት የአገር ሽማግሌ ገብረሰንበት ላቀው» ብላ ጻፈች። ለአምባሳደሩ በሚቀርበው ሪፖርት ላይ የአባቷ ስም ከነክብሩ እንዲገኝ ፈለገች። የት እንደሚወጣ አልጠየቀችም።

በማግስቱ ጠዋት ቂርቆስ የሆቴሉ በረንዳ ላይ አገኛት። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት ስልኩን ዘረጋላት።

የኤምባሲው ገጽ ነው። አባቷ ጋቢውን ለብሰው ያያሉ፤ እንዳልሳቁ አሁን ገና አስተዋለች። ከሥሩ ራሷ ያረመችው አማርኛ አለ። ሁለት ሺህ ሰው አጋርቶታል። ቂርቆስ በአውራ ጣቱ ገጹን ትንሽ ወደ ላይ ገፋው። ቀጥሎ ያለው ፎቶ ከሦስት ቀን በፊት የወጣ ነው፤ ያ የኬላው ሻለቃ ከጥቁር ሳጥኖች ፊት ቆሞ ከሌላ ፈረንጅ ጋር ይጨባበጣል። የአየር ላይ ቅኝት መሣሪያ ርክክብ ይላል። ከጀርባቸው ያው ብርቱካናማ፣ ነጭና ሐምራዊ ባንዲራ ተሰቅሏል። የአባቷ ደረትና የሻለቃው ግድግዳ አንድ ቀለም ነው።

ይኸ ሰውየ ከኛ ጉዳይ ምን አለው? ብለዋት ነበር።

ስልኩን መለሰችለት። ኬላው ላይ ሁሉንም በጆሮዋ ሰምታለች። ካሜራውን ሰምታለች፤ በጉንና ፍየሉን ሰምታለች። በራሷ ቋንቋ ቢነገር ኖሮ ያንዘፈዝፋት የነበረ ነገር በሰው ቋንቋ ስለተነገረ እንደ ሥራ ወሬ አልፏት ሄደ።

ሚስተር ኦረል ቁርስ ላይ ነበር። የምትለውን ሁሉ በትዕግሥት አዳመጠ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ገጹ የሌላ ክፍል ነው አላት። ዛሬውኑ ይጽፍላቸዋል፤ ምናልባት ሰኞ መልስ ይሰጣሉ።

«ጉባኤው ዛሬ ነው!» አለችው። «ጫካ ያሉት ይህን ካዩ አባቴን የእናንተ ሰው ናቸው ይላሉ። የሻለቃው ሰው ናቸው ይላሉ!»

«መታወቅ ለአባትሽ ከለላ ነው። ዓለም የሚያውቀውን ሰው ማንም በቀላሉ አይነካም።»

«እዚያ ያለው ዓለም አይደለም። እዚያ ያለው ጫካ ነው።»

ሹካውን አስቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዛሬ ማንም ሠራተኛ ከከተማ እንዳይወጣ የጸጥታ ክፍሉ አዟል አላት። እሷም ጭምር።

«ለምን ዛሬ?»

ሚስተር ኦረል ሻዩን ማማሰል ጀመረ፤ ስኳር ግን አልጨመረበትም ነበር።  ትሕትና አንገቷ ላይ ያለውን መታወቂያ አውልቃ ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠችና ወጣች።

ቂርቆስ ደጅ ላይ ነበር። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብሎ ጀመረና ፊቷን ሲያይ ዋጠው። «መኪናው የነሱ ነው። ባጃጁ ግን የወንድሜ ነው። ነይ ግቢ።»

መንገዱ ባዶ ነበር። ጠዋት ገበያተኛ የሚያጨናንቀው መንገድ ላይ አንዲት ጋሪ፣ እሷም እየሸመጠጠች ወደ መጡበት ስትሄድ አገኙ። የማንኩሳ ሱቆች ገርበብ ብለዋል። ኬላው ላይ ገመዱ ወርዷል፤ ወታደሮቹ አንድም የሉም። ቂርቆስ «ይኸ ከመኖራቸው ይብሳል» አለ። ትሕትና መንገዱ ካለቀበት ወርዳ በቃርሚያው ውስጥ ሮጠች። ያ የንብ ድምፅ ከትናንቱ ቀርቧል።

ከዋንዛው ሥር የሚነጋገር ሰው አልነበረም። የከተማው መልእክተኛ ደስታው፣ ኮቱን የቆለፈ የቢሮ ሰው፣ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ከጫካ የመጣው ሃይለ ሚካኤል ግን ከክቡ ውጭ ቆሟል። ወጣት ነው፤ ጸጉሩ አድጓል፤ መሣሪያውን እንደ ሕጉ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አስቀምጦ ስልኩን ብቻ ይዟል። አያ ገብረሰንበት የድሮውን የተጣፈ ጋቢ ለብሰዋል። አዲሱ ታጥፎ ከአጠገባቸው ድንጋይ ላይ አለ።

«አያ ገብረሰንበትን እንደ አባቴ ነው የማያቸው» ይላል ሃይለ ሚካኤል። «የላኩኝ ሰዎች ግን ይኸን አይተው ነው ያደሩ። ስድስቱን ለማን ነው የምናስረክብ? ለሽማግሌ ነው ወይስ ለኤምባሲ? መልሱን ሳላውቅ አልቀመጥም። ዛሬ ሳልቀመጥ ከተመለስሁ ደግሞ ለስድስቱ ዋስ አልሆንም።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሽማግሌዎቹ ፀሐዩን በእጃቸው እየከለሉ አዩት። አቶ መንበሩ ሲደርሳቸው አንድ ጊዜ አይተው ቶሎ አሳለፉት።

ትሕትና ክቡን ጥሳ ገባች። ሴት፣ ያውም ልጅ፣ በተሰየመ ሽምግልና መሐል አትገባም፤ ገባች። «ጥፋቱ የኔ ነው! እምቢ ብለው ነበር። እኔ ነኝ ያለበስኋቸው፣ እኔ ነኝ ስማቸውን የጻፍሁት!»

«ቀስ በይ ልጀ» አሉ አባቷ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ትናንት ጠይቄሽ ነበር። ሰውየው ከጉዳያችን ምን አለው?»

«ከተማ ላሉት ከሰማይ የሚያይ መሣሪያ ሰጥተዋቸዋል። ሻለቃውን ያሠለጠኑት እነሱ ናቸው።» የታጠፈውን ጋቢ አየች። «ሰምቼ ነበር አባየ። እየሰማሁ አላስተዋልሁም።»

ደስታው ከጫማው ላይ ዓይኑን አላነሣም።

ወደ አባቷ ጆሮ ጎንበስ ብላ፣ ዛሬ ከከተማ ማንም እንዳይወጣ መባሉን፣ ኬላውም ባዶ መሆኑን ነገረቻቸው። አያ ገብረሰንበት ሰማዩን አንድ ጊዜ አይተው ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ሁሉም ተነሣ፤ ቆሞ የነበረው ሃይለ ሚካኤልም ራሱን ዝቅ አደረገ።

«እንግዲህ ሰማችሁ» አሉ። «እንግዳ ነው ብለን የተቀበልነው ባለጉዳይ ኖሯል። እኔ የባለጉዳይ ልብስ ለብሻለሁ። አለማወቄ ልብሱን አያወልቀውም። የባለጉዳይ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ ደግሞ ሽማግሌ አይደለም፤ ይኸን ሕግ ለሌላው ስፈርድበት ኖሬ ለራሴ አላጥፈውም።»

«አያ ገብረሰንበት፣ ይተው!» አሉ አቶ መንበሩ።

«ሥዕሉ ላይ ያለሁ እኔ ብቻ ነኝ። አሥራ አንዱ አልለበሱም፤ ጋቢው ዕቃ ቤት እንደታጠፈ ነው።» ዘንጋቸውን በሁለት እጃቸው ለቄሰ ገበዝ ወልደ ገብርኤል ዘረጉ። ቄሰ ገበዙም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «ሃይለ ሚካኤል፣ በኒህ ፊት ትቀመጣለህ?»

ወጣቱ አሥራ አንዱን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከቶ ተቀመጠ፤ ሌሎቹም ተቀመጡ። ደስታውም ራሱን ነቀነቀ። የስድስቱና የዘጠኙ ነገር በዚያች ሰዓት ነፍስ ዘራ።

«አሳጥሩት» አሉ አያ ገብረሰንበት ለቄሰ ገበዙ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በጊዜ ተበተኑ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ እንጂ በአንድ ላይ አትሂዱ።»

ኮዳቸውን አነሡ። ሃይለ ሚካኤል ከተቀመጠበት ሆኖ ጠራቸው፤ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኗል።

«አያ… ሁለታችንም ወገን የማልነው በሽምግልና መንገድ የሚሄደውን ሰው ላንነካ ነው። አሁን እኮ አንቱ ከሽምግልናው ወጥተው…»

«አውቃለሁ ልጀ። የማልሁላችሁም ያስማልኋችሁም እኔ ነኝ።»

ሲሄዱ ማንም አልተነሣም። ሕጉ ነው፤ ለሽማግሌ እንጂ ለመንገደኛ አይነሡም። አቶ መንበሩ ብቻ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ከዋንዛው እስከ ቤታቸው፣ እስከ መንደሩ ዳር፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በግራ በኩል ባሕር ዛፍና ቁጥቋጦ፣ ጫካው ይጀምራል፤ በቀኝ ገላጣው ማሳ ነው፣ ከላዩም ያ ድምፅ ያለበት ሰማይ። ትሕትና አዲሱን ጋቢ በደረቷ አቅፋ ከኋላ ትከተላለች። ወንዝ ሲደርሱ ልትጥለው አስባለች። ጥቂት እንደሄዱ ቁጥቋጦው ውስጥ ቅርንጫፍ ተሰበረ፤ አንድ ቆቅ ተነሥታ በረረች። ያስነሣት ነገር አልታየም።

አባቷ ቆሙ። የድሮውን ጋቢ ከትከሻቸው አውርደው አጥፈው ሰጧትና እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጭው እስቲ ያን።»

«አይሆንም አባየ! ከሩቅ ይታያል እኮ! ከዚያም ከዚህም ይታያል!»

«ይታይ። ልጄ አልብሳኝ ተሸክማው ትሄዳለች እንዴ? ከኔ ነው ይበሉት ብለሽኝ የለ? እኔ ከአንች ብዬ ነው የለበስሁት። ሌላው ምን እንዳለው የራሱ ጉዳይ ነው።»

ሰጠቻቸው። ሌላ ምን ታደርጋለች። ትናንት ተንበርክካ ያለበሰቻቸውን ዛሬ ራሳቸው ተከናንበው ጥለቱን በደረታቸው ላይ አስተካከሉ። ብርቱካናማውና ሐምራዊው በዚያ በደረቀው አገር መሐል ደመቀ። ከዚያ ኮዳውን ከፍተው አንድ ጊዜ ጠጡ፤ ለእሷም አቀበሏት። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር።

«ወደ ኋላየ ሁኚ» አሏት።

ትሕትና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቷን ቃል አልሰማችም። በግራ በኩል፣ በቁጥቋጦው በኩል ዞራ፣ ትከሻዋን ከትከሻቸው አጋጥማ መራመድ ጀመረች።